ካሉበት ሆኖ መሥራት

ላሊበላ፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ኤልሳቤጥ፤

ይህች ደብዳቤ በጤናና በሙሉ ልብ ሆነው ታግኝዎት። ጋሼ ቃለሕይወትስ እንደምን አሉ? እኛ በአምላክ ቸርነት የገናን እንግዳ ሸኝተን፣ የጥምቀቱን ታቦት አስገብተን፣ ይኸው አለን።

ምናልባት መልኬ ከሐሳብዎ ጠፍቶ ይሆናል። የሙሉዬ ልጅ ብርቅዬ ነኝ። እርስዎና ጋሼ ቃለሕይወት ላሊበላ የመጣችሁ ጊዜ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። እናቴ «አያቶቻችን ወንድማማቾች ናቸው፤ ምን ያሳፍርሻል፤ ጻፊላት» ብላ ነው ብዕር ያስያዘችኝ። እሷ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሚድዋይፈሪ፣ የአዋላጅነት ሙያ፣ አስተምራለሁ። ለገና እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ሳለሁ መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፤ የሄደው መኪና ይመለሳል። ኢንተርኔት ከጠፋ ቆይቷል፤ ስልክ አንዳንድ ቀን ይመጣል። እንዲህ ባለ አንድ ቀን የትምህርት ክፍሌ ኃላፊ አቶ በድሩ ደውለው፣ «ዩኒቨርሲቲው መምጣት ያልቻለ ሠራተኛ ካለበት ሆኖ እንዲሠራ ፈቅዷል፤ ዕቅድሽን ጽፈሽ ላኪ» አሉኝ። «በምን ልላክ? ምንስ ልሥራ?» ሳልላቸው መስመሩ ተቋረጠ።

እትዬ፣ የእኔ ሥራ በእጅ የሚሠራ ነው። ተማሪዬ ምጥ የያዛት ሴት ሆድ ላይ እጇን አድርጋ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ነው ትምህርቱ የሚገባት። ካለሁበት ሆኜ ምን ብዬ ልጻፍ? እናቴ እርስዎ ስዊድን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ እንደሚሠሩ ነግራኛለች። በኮሮና ጊዜ የእናንተ ሰዎች እንዴት አደረጉ? ለመማር ያህል ነው የጠየቅሁት።

ደብዳቤውን ወደ አዲስ አበባ የሚበር አንድ አስጎብኚ ይዞልኛል። እዚያ ያለች የአክስቴ ልጅ ፎቶ አንስታ በስልክ ትልክልዎታለች። መልስዎንም አትማ በአውሮፕላን በሚመጣ ሰው ትልክልኛለች።

ለጋሼ ቃለሕይወት ከእናቴም ከእኔም ሰላምታ ያድርሱልን።

አክባሪዎ ብርቅዬ ከፋለ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለብርቅዬ፤

ሰላም ከቤትሽ አይጥፋ፤ ሙሉዬንም ዕድሜ ይስጥልኝ። ከላስታ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ካየሁ ዘመን የለውም። ስልኬ ላይ አሳንሼም አስፍቼም አነበብኩት። የእናትሽ አነጋገር መሐል መሐል ይሰማኛል።

አንቺን እንዴት እረሳለሁ። በር ላይ ቆመሽ፣ ግቢ ሲሉሽ የማትገቢ፣ ሂጂ ሲሉሽ የማትሄጂ ልጅ ነበርሽ።

ጥያቄሽ በትክክል የእኔ ሥራ ነው። በኮሮና ጊዜ እቤት ሆኜ ልሥራ የሚል ማመልከቻ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፍ ነበር። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው አላስቸገረንም። የቸገረን እንዳንቺ ያለው ነው፤ የላቦራቶሪ ሰው፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ወለል የሚያጸዳ ሰው። ብዙዎቹ ከፍርሃት የተነሳ «ሁሉንም ከቤት እሠራለሁ» ብለው ጻፉ። ከወር በኋላ ያ ሁሉ እንደማይሆን ታወቀ፤ ራሳቸውም አፈሩ፤ እኛም ለሚቀጥለው አመልካች ልባችንን አጠበብን።

ስለዚህ የምመክርሽ ይህን ነው። ሁሉን እሠራለሁ አትበይ። ሥራሽን አንድ በአንድ አስቢው፤ የትኛው ካንቺ ጋር ይሄዳል፣ የትኛውስ የግድ ግቢ ውስጥ ይቀራል? አብሮሽ የሚሄደውን ብቻ ጻፊ። የት እንደምትሠሪው፣ ከማን ጋር እንደምትሠሪው፣ መሥራትሽንም ሌላ ሰው በምን እንደሚያውቅ ጨምሪበት። ከዚያ ፈርሚበት። አለቃሽ ያንን ይዞ ለበላዩ ማስረዳት ይችላል።

እኔም ከኮሮና ወዲህ ሥራዬ ከቤት ነው። ጠረጴዛዬ መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱ በረዶ ያሳየኛል፤ በረዶ ሲሰለቸው ዝናብ ያሳየኛል።

ሙሉዬን ጉልበቷ ላይ ሳሚልኝ። ሐኪም ታይታለች ወይ? አካባቢው እንዴት ነው? ደብዳቤሽ ውስጥ ያላነሳሽውን ነው የምጠይቅሽ።

የአንቺው ኤልሳቤጥ


ብልባላ፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ኤልሳቤጥ፤

ቸር ወሬ የሚሰሙበት ጊዜ ያድርግልዎ። ጾሙ ዘንድሮ የእኛም የእስላሞቹም በአንድ ቀን ገባ። ይህንን ያነሳሁት ወደ ኋላ የምነግርዎት ስላለኝ ነው።

ምክርዎን እንደ ትምህርት ተቀብዬ ሥራዬን አንድ በአንድ አሰብኩት። ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ ግቢ ቀረ። አብሮኝ የሚሄደው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የተግባር ልምምድ መቆጣጠር። እሱም ተማሪ ካለ ነው። ተማሪ ደግሞ እዚሁ ነበረኝ። ከገና በፊት ለልምምድ ወደ ላሊበላ ከተላኩት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቻችን ሌሎቹ በአውሮፕላን ሲሄዱ ሁለቱ ቀርተዋል። አንዷ አልጣሽ ናት፤ ከላሊበላ ወጣ ብላ ያለችው የዚህች የብልባላ ልጅ። ሁለተኛዋ ነሲባ ናት፤ ወላጆቿ ቆላ ላይ በአስፋልቱ ዳር ነጋዴዎች ናቸው፤ መንገዱ ሲዘጋ መሄጃ አጣች። እናቴ «ሰው ቤት እያለ ሆቴል ምን ይሠራል» ብላ ከእኛው ጋር አስገባቻት። አሁን ቅዳሜና እሑድ ላሊበላ ስንገባ ማታ ማታ እናቴና ነሲባ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያፈጥራሉ። እናቴ ምሥር ወጥ፣ ነሲባ ቴምር ያቀርባሉ፤ አንዷ የሌላዋን ትቀምሳለች።

የብልባላ ጤና ጣቢያ አዋላጇ ለፈቃድ ወጥታ መመለሻ አጥታለች። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ጣቢያው ወደ ላሊበላ ይልካል፤ አምቡላንሱ አንዳንዴ ነዳጅ የለውም፤ አንዳንዴ መንገድ የለውም። እኔም ዕቅዴን ጻፍኩ። ቦታው ብልባላ፣ ሥራው ሁለት ተማሪዎች የመጨረሻ ልምምዳቸውን በእኔ ቁጥጥር እንዲጨርሱ፣ ምስክሩ የጣቢያው ኃላፊ። ጽፌ በአዲስ አበባ በኩል ለአቶ በድሩ ላክሁ፤ ሳይውል ሳያድር ሥራውን ጀመርን።

አልጣሽ ፈጣን ናት፤ ሳይነግሯት ትጀምራለች። ነሲባ ትፈራለች። ነገር ግን እጇ ጥሩ ነው፤ ስትነካቸው እናቶቹ ትንፋሻቸው ይረግባል። «መምህር፣ እርስዎ ከሌሉ አልችልም» ትለኛለች። «ስትመረቂስ?» ስላት እጇን መታጠብ ትጀምራለች።

ባለፈው ሳምንት ስልክ መጣና አቶ በድሩን አገኘኋቸው። «ዕቅድሽ ደርሶኛል፤ ጥሩ ነው» አሉ። «ተፈቀደ ማለት ነው?» አልኳቸው። «ለዲኑ አቅርቤዋለሁ።» «እሳቸውስ?» «እሳቸው አይሆንም አላሉም።» ይሆናል ማለታቸውም እንዳልሆነ ከድምፃቸው ገባኝ።

ስለ አካባቢው ጠይቀውኛል። የምንሰማው አለ፤ የምናየውም አለ። እናቴ በሩን በጊዜ ትዘጋለች። ሌላውን እዚህ ላይ አልጽፍም።

እናቴ «ለቃለሕይወት ያልኩት ሰላምታ ደርሶት ይሆን?» ትላለች። ያ ዝምተኛ ሰው ጣሪያዋ ላይ ወጥቶ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ የመታላትን ዛሬም ታወራዋለች።

አክባሪዎ ብርቅዬ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውዷ ብርቅዬ፤

እንደ ላስታ ጠዋት ብሩህ ልብ ይስጥሽ። ዕቅድሽን በቢሮዬ ዓይን ተመለከትኩት፤ ነቀፋ አላገኘሁበትም። እዚህ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን እፈርምበት ነበር።

ነገር ግን የተፈቀደና ያልተከለከለ አንድ አይደሉም። ያልተከለከለ ሥራ ደህና እስከሆነ ድረስ የሁሉም ነው፤ ነገር ከተበላሸ ግን የአንቺ ብቻ ይሆናል። ፊርማቸውን በወረቀት ጠይቂ። ይህን የምልሽ ላስፈራሽ አይደለም።

ሌላ ሐሳብ አለኝ። የእኛ ዩኒቨርሲቲ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ማስተርስ አለው፤ ከአፍሪካ ለሚመጡ የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል። ማመልከቻው የሚዘጋበት ጊዜ ገና ነው። ወረቀትሽን በፎቶ ላኪልኝ፤ ቀሪውን እኔ እሞላዋለሁ። ቤቴ ሰፊ ነው፤ አንድ ክፍል ባዶውን ነው የሚያድረው። ብርቅዬ፣ እምቢ ከማለትሽ በፊት ደጋግመሽ አስቢበት። እዚያ ምን ያቆይሻል ብዬ አልጠይቅሽም፤ ሙሉዬ እንዳለች አውቃለሁ። እሷም ግን ብትጠየቅ ሂጂ የምትልሽ ይመስለኛል።

እኛም ዘንድ አዲስ ነገር አለ። ከመስከረም ጀምሮ ሠራተኛው ሁሉ በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ እንዲገባ ተወስኗል። እኔ እዚሁ እንድቀር የሐኪም ወረቀት እያሰብኩ ነው። ከባድ ሕመም የለብኝም፤ አትጨነቂ።

ጾሙን በሰላም አስፈጽሟችሁ።

ኤልሳቤጥ


ከዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ኤልሳቤጥ፤

የሰሙነ ሕማማቱ አምላክ ድካምዎን ያቅልልዎ። አድራሻዬን ሲያዩ ይደነግጡ ይሆናል፤ እንዴት እዚህ እንደተገኘሁ ልንገርዎት።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ብልባላ በደረሰኝ ሰሞን ከዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ወጣ። ካሉበት ሆኖ መሥራት የሚመለከተው «ሥራቸው በኮምፒውተር ለሚከናወን» ብቻ ነው፤ ሌላው በአካል ቀርቦ ሪፖርት ያድርግ፤ ያልቀረበ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል። አቶ በድሩ «ነይ እንጂ፣ እኔ ምን ላድርግ» አሉኝ። እትዬ፣ ይህ ሥራ የእናቴም መድኃኒት ነው፤ የእኔም የልፋት ዘመን ነው። ሁለቱን ልጆች ለጣቢያው ኃላፊ አደራ ሰጥቼ፣ «እስክመለስ ከበድ ያለውን ወደ ላሊበላ ላኩ» ብዬ ወጣሁ። ነሲባ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። ቦርሳዬን ሰጠችኝና ቆመች።

በሙጃ በኩል መጣሁ። ገሚሱን በእግር፣ ገሚሱን እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ተቀምጬ ነው። ኬላ ላይ መታወቂያዬን ያየ ወጣት «አስተማሪ ነሽ? ማንን ልታስተምሪ ነው?» አለኝ። የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር።

ግቢው ስደርስ ገባኝ። ተማሪ የለም። መኝታ ቤቶቹ ተቆልፈዋል። ሠራተኛው ግን አለ፤ ጠዋት ይፈርማል፣ ከሰዓት ይፈርማል፣ በመሐሉ ላይብረሪው ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቃል። የሂሳብ መምህራኑ ዳማ ይጫወታሉ። እኔም ፈረምኩ፤ ተቀመጥኩ። እንዲህ ሆነን ፋሲካን መጠበቅ ያዝን።

ቅዳሜ ዕለት ከብልባላ ስልክ ተሳካና አልጣሽ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። አንዲት እናት በምሽት በቃሬዛ መጥታ ወልዳለች፤ ሕፃኑ ደህና ነው፤ እንግዴ ልጁ ግን አልወጣ ብሎ ደም ፈሰሰ። ኃላፊው መድኃኒት ሊያመጣ ላሊበላ ሄዷል። አምቡላንስ የለም። አልጣሽ እኔ አልደፈርኩም አለችኝ። ነሲባ ግን ጓንቷን አጥልቃ፣ ቀስ አድርጋ እጇን አስገብታ አወጣችው። እኔ አሻንጉሊት ላይ ያሳየኋትን፣ በሰው ላይ አይታ እንኳ የማታውቀውን። ከዚያ የሴትየዋን ሆድ ተጭና አልለቅም ብላ ደሙ እስኪቆም አደረች።

«ሴትየዋስ?» አልኳት።

«አለች። ዛሬ አጥሚት ጠጥታለች።»

«ነሲባስ?»

«ልታባርሯት ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

ወሬው እኔ ሳልሰማው ቀድሞ እዚህ ግቢ ደርሶ ኖሯል። ተማሪ ያለተቆጣጣሪ እንዲህ ያለውን መሥራት አይፈቀድላትም። ደንቡ ልክ ነው፤ እኔም የማስተምረው ደንብ ነው። ከፋሲካ በኋላ ስብሰባ ተጠርቷል።

ነሲባ ያን ምሽት ብቻዋን ነበረች፤ እኔ እዚህ ፈርሜ፣ ፀሐይ ሞቄ፣ ተኝቼ ነበር። ከዚህ ሐሳብ መውጣት አልቻልኩም።

ስለ ትምህርት ዕድሉ ያሉኝን አስቤበታለሁ። አሁን መልስ መስጠት አልችልም፤ ቅር አይበልዎ። ለጋሼ ቃለሕይወት መልካም ፋሲካ።

ብርቅዬ


ጎተንበርግ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ብርቅዬ፣ ልጄ፤

ዛሬ በሰላምታና በምርቃት አልጀምርም፤ ይቅር በይኝ።

ቃለሕይወት የለም። በኮሮና የመጀመሪያው ዓመት ነው ያረፈው። ሆስፒታል ሲወስዱት አብሬው መግባት አልተፈቀደልኝም፤ በስልክ ስክሪን ተሰናበትኩት። ቀብሩ ላይ ካህኑንና ጥቂት ሰዎችን ይዤ ቆምኩ። ለእሱ ዘመዶች አስመራ ነገርኩ። ለእኔ ወገን፣ ማለት ለሙሉዬ፣ አልነገርኩም። መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ሰው እስኪገኝ ጠበቅኩ። ከዚያ ላስታ ራሷ ጦርነት ውስጥ ገባች፤ የእናንተን ሐዘን በሩቅ እየሰማሁ የራሴን ልጨምርባችሁ አልቻልኩም። ከዚያ ደግሞ ጊዜው ራቀና ለመናገር አፈርኩ። ሰላምታሽ በመጣ ቁጥር ስልኬን አስቀምጬ እነሳ ነበር።

በዚያ ሰሞን ለሰው ሁሉ ማመልከቻ ስፈርም የራሴንም ጻፍኩ። ካለሁበት ሆኜ ልሥራ አልኩ። ፈቀዱልኝ። ሰዉ ወደ ቢሮ ሲመለስ እኔ አልተመለስኩም። ሥራዬን አላጓደልኩም፤ ማንም ሊከሰኝ አይችልም። ግን ቀን አልፎ ቀን ሲመጣ ከቤቴ ሳልወጣ፣ ከሱቅ ሰው በቀር ድምፅ ሳልሰማ እከርማለሁ። አንቺን ነይ ያልኩሽ ለአንቺ ብቻ ብዬ አይደለም። ባዶውን የሚያድረውን ክፍል አስቤ ነው። ዕድሉ እውነተኛ ነው፤ ከፈለግሽው አሁንም አለ። ግን በእኔ ብቸኝነት ምክንያት እንዳትወስኚ ማወቅ ይገባሻል ብዬ ነው የነገርኩሽ።

አሁን ስለ ስብሰባው። ደንቡን አትከራከሪ፤ ደንቡ ልክ ነው ብለሽ ጀምሪ። ዕቅድሽን መቼ እንዳስገባሽ ተናገሪ። መልስ እንዳልተሰጠሽም ተናገሪ። ከዚያ የሆነውን እንዳለ ንገሪያቸው፤ አታሳምሪው። ልጅቷን ጀግና አታድርጊያት፤ ተማሪሽ ናት በይ።

ለሙሉዬ እንዴት እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ።

ኤልሳቤጥ


ላሊበላ፣ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ኤልሳቤጥ፤

እግዜር ያጽናዎ። ይህን ቃል ከዓመታት በኋላ መጻፌ ከብዶኛል፤ ግን ሳልለው ወደ ሌላ ነገር አልሄድም። እግዜር ያጽናዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በስብሰባው ዋዜማ ነበር። አንብቤው ስጨርስ ለራሴ ያሰብኩት ሁሉ አነሰብኝ፤ እንዳሉኝም ተናገርኩ። «ደንቡ ልክ ነው። ተማሪዬ ተቆጣጣሪ ሊኖራት ይገባ ነበር። ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ፤ እዚህ ግቢ እየፈረምኩ ነበር» አልኩ።

ዲኑ «ታዲያ ልምምዱን ማን ፈቀደ?» አሉ።

እኔ ከመናገሬ በፊት አቶ በድሩ ተነሱ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ዕቅዱ በየካቲት መጨረሻ ደርሶኛል። እርስዎም አይተውታል። እሺም እምቢም ሳንል ሦስት ወር ሊሞላን ነው። ልጅቷ ከመባረሯ በፊት እኛ መልስ እንስጥ» አሉ። እኒህ ሰው ከማንም ጋር ቃል ሲመላለሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ክርክሩ ከሰዓትም ቀጠለ። በመጨረሻ የወሰኑት ይህ ነው። የብልባላው ልምምድ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ተፈቅዷል፤ እኔ እዚያው ሆኜ እቆጣጠራለሁ፤ መፈረም አይጠበቅብኝም። ነሲባ አልተባረረችም፤ ነገር ግን የተለየ ፈተና ከክፍሉ ተልኮ ትፈተናለች። ከማስተማሩ ጋር ደርቤ የያዝኩት የልምምድ አስተባባሪነት ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ «ግቢ ያለ ሰው ያስፈልጋል» ተባለ። ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽዎትም። ያን ቦታ ያገኘሁት ለፍቼ ነበር።

ወደ እናቴ ስመለስ መርዶውን እንደ ደንቡ አደረግን። የሰፈር ሰው በማለዳ ሰብስቤ ገባን። በሩን ስትከፍት ሰዉን አየች፤ እኔን አየች። «ማነው?» አለች። ነገርኳት። መጀመሪያ አላለቀሰችም። «ያ ጣሪያ ላይ የወጣው?» አለች። ከዚያ ተቀመጠችና አለቀሰች፤ ሰዉም አብሯት አለቀሰ። ድንኳን አልተተከለም፤ ጓዳና ሳሎኗ በቃ። ጎረቤት ምግቡን እየያዘ መጣ። ነሲባ ከብልባላ መጥታ ውሃ ስትቀዳ፣ ሰው ስታስተናግድ ከረመች። አንድ ሽማግሌ «ሟቹ ለአንቺ ምንሽ ነው?» ቢሏት «የቤታችን ሰው ነው» አለቻቸው።

ሦስተኛው ቀን ሲሞላ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ እንድጽፍልዎ ያዘዘችኝ ቃል ይህ ነው፤ «ኤልሳቤጥ፣ ለቅሶውን ተቀምጬልሻለሁ። አንቺ ተነሺ።»

የትምህርት ዕድሉን በአክብሮት ትቼዋለሁ። ወደፊት እፈልገው ይሆናል፤ ዘንድሮ ግን አይደለም።

ብርቅዬ


ብልባላ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ኤልሳቤጥ፤

ከሰኔ ወዲህ ድምፅዎን አልሰማንም። እናቴ «አትጎትጉቻት» ብትለኝም ዝም ማለት አልቻልኩም። ክረምቱ እዚህ ከባድ ነው፤ ጭጋጉ ጣቢያው ደጃፍ ድረስ ይመጣል። እርስዎስ እንደምን አሉልኝ?

ፈታኝ ሆነው የመጡት ራሳቸው አቶ በድሩ ናቸው። እስከ ላሊበላ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በጭቃው በበቅሎ። ከበቅሎ ሲወርዱ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነበር። የቃሉን ፈተና ሁለቱንም ልጆች ጣቢያው ውስጥ ፈተኗቸው። አልጣሽ ጥሩ መለሰች። ነሲባ ግማሹን ተንተባተበች። አቶ በድሩ ዝቅ ያለ ነጥብ ሲጽፉ አየሁ።

በማግስቱ ምጥ የያዛት ልጅ እግር መጣች፤ የመጀመሪያዋ ነው። አቶ በድሩ ጥግ ይዘው ቆሙ። እኔም እጄን ኋላዬ አድርጌ ቆምኩ። ነሲባ ስታዋልድ መንተባተቡ የለም፤ «እንዲህ ተንፍሺ፤ ጎበዝ፤ አሁን ቆይ» ትላለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ነው። የእትብቱ ገመድ በልጁ አንገት ላይ ዞሮ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላየችም። ፈታችው፤ ልጁ አለቀሰ።

አቶ በድሩ ወጥተው ደጅ ላይ ብዙ ቆዩ። ስመጣ «እኔ ካዋለድኩ ዘመን አልፎኛል፤ ቢሮ ነው የዋልኩት» አሉኝ። ሁለቱም አልፈዋል። የነሲባ ነጥብ መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም፤ እሷም አልጠየቀችም።

መንገዱ ሰሞኑን ተከፍቶ አባቷ ሊወስዷት መጡ። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ሸኘቻት። መጀመሪያ የተመደበችበት ግን ሩቅ አይደለም፤ ፍላቂት ጤና ጣቢያ ነው። እኔ በጥቅምት ወደ ግቢ እመለሳለሁ፤ ተማሪ ይገባል ይላሉ።

እባክዎ አንድ መስመር ይጻፉልን።

ብርቅዬ


ጎተንበርግ፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሉዬና ለብርቅዬ፤

አዲሱ ዓመት ለቤታችሁ የዕረፍት ይሁን።

ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። የሙሉዬ ቃል ሲደርሰኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ብዙ ተኛሁ፤ ከዚያ የቃለሕይወትን ልብሶች አውጥቼ ለሚለብስ ሰጠሁ። ይህን ሁሉ ለመጻፍ ቃል አልነበረኝም።

የሐኪሙን ወረቀት አላወጣሁትም። ሰኞ ዕለት በትራም ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የማላውቀው ወጣት ተቀምጧል፤ ሊነሳልኝ ቢል ተወው አልኩት። ሌላ ወንበር ሰጡኝ። በምሳ ሰዓት አንዷ የድሮ ባልደረባዬ «ባለቤትሽ እንዴት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ምሳዋን ትታ እጄን ይዛ ተቀመጠች። ቤቴ ስገባ ደክሞኝ ነበር፤ ሲነጋም ደግሜ ሄድኩ።

ዛሬ አለቃዬ ለመጪው ዓመት እንዴት መሥራት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ሦስቱን ቀን ቢሮ አልኳት። ለጥርና ለየካቲት ግን ካለሁበት ሆኜ ልሥራ ብዬ ጠየቅሁ። «የት ነው የምትሆኚው?» አለችኝ። ላሊበላ፣ ዘመድ ቤት አልኳት። ደንቡን አገላብጣ አየችው፤ እኔ ሳላየውም አውቀዋለሁ። ከአገር ውጭ ሆኖ መሥራት አይፈቀድም። ቅር እንዳይለኝ ብላ ብዙ አስረዳችኝ።

ስለዚህ ሥራውን እዚህ አስቀምጬ፣ ያልወሰድኩትን የዓመት ፈቃድ ሁሉ ሰብስቤ፣ ለጥምቀት እመጣለሁ።

ኤልሳቤጥ